አንድ ፌርማታ ቀድሞ

ግዳንስክ፣ የጥር ወር፣ ዘጠኝ ቁጥር ትራም፤
መንገዴ ሐዲድ ነው፣ ቀኝና ግራ የለም።
ማቆም ነው ሥራዬ፣ በር መክፈት፣ በር መዝጋት፣
በመስታወት ማየት ወራጁን በትጋት።

አንድ ልጅ ነበረ፣ ሰማያዊ ኮፍያ፣
ሁሌ ጥጉን ይዞ፣ ከበሩ መግቢያ።
ድሮ የሚወርደው ጡብ ፋብሪካው ጋር ነው፣
እናቱ በመስኮት እጇን ስታሳየው።
ከኅዳር ወዲህ ግን ድልድዩ ጋ ወርዶ
በእግሩ ያዘግማል፣ በዚያ ሁሉ በረዶ።
"በእግር መሄድ ወዷል" አልኩና አለፍኩት፤
በሩን ዘጋሁበት፣ ደወሌን ደወልኩት።

ከኋለኛው ፉርጎ ሳቅ ይሰማኝ ነበር፣
የራዴክ፣ የልጄ፣ ከጓደኞቹ ጋር።
"ተመስገን" እል ነበር፣ "ጓደኛ አላጣ፣
ልጄ ደስ ብሎታል፣ ሳቁ እዚህ ድረስ መጣ።"

ሐሙስ ማታ ስልኬ ጮኸ፤ አስተማሪው።
ሆዴ ቀድሞ ፈራ፦ ማን ነካው? ማን መታው?
"አይ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "ልጅዎ ደኅና ነው።
ልጅዎን የሚፈራ ልጅ ነው የታመመው።"

ኦሌክ ይንተባተባል። ስሙን ሲጀምር
"ኦ፣ ኦ፣ ኦ" ይላሉ ከልጄ ጋር በማኅበር፤
ትራሙ ውስጥ፣ ከኋላ፣ እኔ በምነዳው።
ኮፍያውም ሽንት ቤት ነው መጨረሻ የታየው።

ያ ሳቅ ይሄ ነበር።
ተመስገን ያልኩበት።

ዳኑታ "ሐሰት ነው!" ሳህን ከእጇ ወድቆ፤
ራዴክ "ቀልድ እኮ ነው" ትከሻውን ሰብቆ።
የእኔ እጅ ወገቤ ላይ፣ ዘለበቴን ይዞ፣
የአባቴ እጅ ሆኖ፣ በአባቴ ቁጣ ናውዞ።
ቀበቶ ምን አስተማረኝ? አንድ ነገር ብቻ፤
ከእኔ የሚያንስ መፈለግ፣ ንዴቴን መክተቻ።
ዘለበቱን ለቀቅኩት።

ቅዳሜ ሥራ የለኝ። ኮፍያ አላደረግንም።
ድልድዩ ጋ ወረድን፤ አንድ ቃል አልተነፈስንም።
ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ጆሮ ይሸረክታል፤
ሺህ አራት መቶ እርምጃ፤ ራዴክ ይቆጥራል።
ስድስት መቶ ላይ ሲደርስ ቆጠራውን ተወው፤
"በየቀኑ?" አለኝ።
"በየቀኑ ነው።"
"ኮፍያ ግን አለው።"
"ነበረው።"
ቀሪውን መንገድ ልጄ አለቀሰ።
ነፋሱ ነው አለኝ።
አላስተባበልኩም።

ዳኑታ ደብዳቤ ጻፈች፤ ቀደደች፤ ሦስት ጊዜ።
"ልጃችን ጨዋ ነው፤ ነገር ግን..." ይል ነበር፤
"ነገር ግን"ን ስትሰርዝ
"ጨዋ"ውም አብሮ ተሰረዘ።
አራተኛው አጭር ነው፦
"ልጃችን ልጅዎን ጎዳ። እኛም አላየንም።"
መልሱ በሳምንቱ መጣ፣ አንድ መስመር ተኩል፦
"አነበብኩት። ለኦሌክ አላነበብኩለትም። ገና ነው።"
ልክ ናት።

ራዴክ አሁን ከፊት ነው፣ ከኔ በር ጀርባ።
በረዶ ዝቆ ባገኘው ገንዘብ
ኮፍያ ገዛ፣ ሰማያዊ፤ ከቦርሳው አልወጣም።
"መቼ ልስጠው?" ይለኛል።
"መቀበል ሲፈልግ።"
መቼ እንደሆነ እኔም አላውቅም።
ሐዲድ የለውም ይሄ።

የካቲት ገባ። ኦሌክ ዛሬም ድልድዩ ጋ ይወርዳል።
ማክሰኞ ግን እግሩ ደረጃው ላይ ዘገየ፣
ወደ ውስጥ ዞር ብሎ የሆነ ነገር አየ።
ወረደ።
በሩን አልዘጋሁም።
ሰባት ሰከንድ ያህል ሰዓቴን አሳለፍኩ፤
ብርዱ ገባ፣ አንዱ ተሳፋሪ አጉረመረመ፣
እኔ በመስታወቱ ጀርባውን ተከተልኩ።